በሩ ጋ ሲደርስ

ወንድሟ ለእንግዶቹ የሚያወራው የቃጠሎ ታሪክ በሩ ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እንግዶቹም ሹካቸውን አስቀምጠው ወደ እሱ ዘመም አሉ። ያን ቀን የሚነደውን ቤት በር በትከሻዋ ገንጥላ እሱን ከአልጋ ስር ጎትታ ያወጣችው እሷ ነበረች። በእሱ አፍ ግን አዳኙ እሱ፣ አልጋ ስር የምታለቅሰው እሷ ሆናለች።

«እህትህስ?» አለች አክስታቸው፣ እሷኑ አጠገቧ አስቀምጣ።

እህቱ ደሟ ፈላ። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቅልላ የተቃጠለ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው፤ ዛሬስ በሰው ፊት ልታዋርደው ቆርጣለች።

«የበሩ እጀታ እንደ እሳት ግሏል» አለ በሹክሹክታ። «ያዝኩት።» ከዚያ ዝም አለ።

ክንዷ ጠረጴዛው ላይ እንደተጋደመ ቀረ። ከሁሉ ያንገበገባት፣ እሷም እንደ ሌሎቹ ትንፋሿን ውጣ፣ አልጋ ስር ለምታለቅሰው ልጅ ይደርስላት እንደሆነ መጠበቋ ነበር።