በር ላይ የተጻፈ ግጥም

ፔይ የግጥሙን የመጨረሻ ስንኝ በባሕታዊው በር ላይ ጽፎ ብሩሹን ገና ሳያነሳ፣ በሩ ከውስጥ ተከፈተ።

«ምነው ልጄ፣ አታንኳኳም?» አሉት አዛውንቱ የታኦ እምነት ባሕታዊ።

ፔይ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ተራራውን የወጣው «ሹመቴን ልተወው ወይስ ልያዘው?» ብሎ ሊያማክራቸው ነበር። ግን ለአገሩ ባለቅኔዎች ባሕታዊ ፈልጎ ማጣትን የመሰለ የግጥም ርእስ ስለሌለ፣ በሩን ዝግ ሲያየው ሳያንኳኳ ቀለሙን በጠበጠ። «አባቴ፣ እኔ እኮ... የሉም ብዬ...»

አዛውንቱ ጎንበስ ብለው አነበቡ፦ «ባሕታዊውን ባጣው፣ ደመናው ተቀበለኝ» ይላል።

«ይሄን የመሰለ ግጥምማ ውሸት ሆኖ አይቀርም» አሉና የመድኃኒት ቅጠል መልቀሚያ ቅርጫታቸውን አንጠልጥለው የተራራውን አናት ወደ ሸፈነው ደመና ወጡ።

«አባቴ፣ ይቆዩ እንጂ! ሹመቱስ?»

ጥያቄው አፉ ላይ እንዳለ ግጥሙ እውነት ሆነበት።