ክር የለበሰው እርሳስ

የሒሳብ ፈተናው ሳይጋመስ ፈታኙ መምህር እርሳሱን ከሩታ ጣቶች መሃል ፈልቅቆ ወሰደና የተጠመጠመበትን ክር መተርተር ጀመረ። ሩታ ዓይኗን ከክሩ ወደ ግድግዳው ሰዓት፣ ከሰዓቱ ወደ ክሩ አመላለሰች። ከኋላዋ ወረቀት ሲገለጥ በሰማች ቁጥር እግሮቿ ከዴስኩ ሥር ይቁነጠነጡ ነበር።

«የደበቅሽበት ነገር ከሌለ ይሄ ሁሉ ክር ምን ያደርጋል?» አላት።

«ጣቶቼ ቀጭን ነገር አይጨብጡም። አባዬ ነው የጠመጠመልኝ።»

የሽሮ ሜዳው ሸማኔ አባቷ፣ ቀሰም ላይ እንደሚጠመጥመው ማግ ያጠበቀው ክር አላልቅ ብሎ ዴስኩ ላይ ተከመረ። በመጨረሻ እርሳሱ ራቁቱን ቀረ፤ ውስጡ ምንም አልነበረም። መምህሩ እርሳሱን መለሰላት። እርሳሱ ከእጇ ሾልኮ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። አነሳላት፤ ደግሞ ወደቀ።

ያኔ አጠገቧ ተቀመጠና ክሩን መልሶ መጠምጠም ያዘ። ላላበት፤ ፈታው፤ ተወሳሰበበት፤ እንደገና ጀመረ። «ይጥበቅ፣ ቲቸር» አለችው በሹክሹክታ፤ «ትንሽም ይወፍር።» ደወል ተደወለ። ተማሪዎቹ እያስረከቡ ሲወጡ እሷም ግማሹ ባዶ የሆነውን ወረቀቷን ይዛ ተነሳች።

«ቁጭ በይ» አላት፣ ዓይኑን ከክሩ ሳይነቅል። «ያንቺ ሰዓት የሚቆጠረው እኔ ይሄን ስጨርስ ነው።»