አስታማሚ

ልጅቷ የአባቷን ግሉኮስ ከነርሷ ተቀብላ ወደ ላይ አነሳች። የድንገተኛ ክፍሉ ማንጠልጠያ ሁሉ ተይዟል።

"ዝቅ እንዳታደርጊው፤ ደሙ ወደ ቱቦው ይመለሳል" አለቻት ነርሷ።

ጣቶቿ ሲደነዝዙ ክርኗን በሌላው እጇ ደገፈች እንጂ ዝቅ አላደረገችም። አባቷ ከጎፋ ተነሥተው እስኪደርሱ ቃል አልወጣቸውም ነበር። አሁን ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው፣ "ተቀመጪ፣ ይደክምሻል" አሏት።

"አይደክመኝም፣ አባዬ።"

በመጨረሻ ነርሷ አንድ ማንጠልጠያ እየገፋች መጥታ ግሉኮሱን ሰቀለችው። ቀጥላ ጎናቸው ወደተኛው ወጣት ዞረች። ለቡ ሰፈር ከሚገነባ ፎቅ ላይ ወድቆ፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር አድርሶት ሄዷል። መርፌውን ተክላለት፣ ግሉኮሱን እንደያዘች ዙሪያዋን ቃኘች።

"የዚህ ልጅ አስታማሚ ማነው?"

ዙሪያዋ ያሉት አስታማሚዎች ወደየበሽተኞቻቸው ዞሩ።

"አስታማሚ የለውም?"

አባቷ ከትራሳቸው ቀና ለማለት ታገሉ።

"አለው እንጂ!" አሉ፣ ቁጣ በሚመስል ድምፅ። በአገጫቸው ወደ ልጃቸው አመለከቱ። "ይቺውልሽ!"

ልጅቷ የደነዘዘውን ክንዷን አንዴ አሸት አደረገች። ከዚያ ሌላኛውን አነሳች።