ጨው የሌለው እንፋሎት

ልጅቷ የመድኃኒት ማሽኑን ማስክ አፍና አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ እግሯን እያወዛወዘች እንፋሎቱን ትስባለች። ዶክተሩ ሰዓቱን አየ። ሦስት ደቂቃ ሙሉ አንዴም አላሳላትም።

«ቤት ስትወስድም እንዲህ ናት?» ሲል ጠየቀ።

እናት ወደ ታናሽ እህቷ፣ ወደ ልጅቷ አክስት፣ ዞረች። እናት ልጇ ሳትነቃ ለሥራ ስለምትወጣ፣ ጠዋት ጠዋት መድኃኒቱን የምትሰጠው እህቷ ናት። አሁንም የመድኃኒቱን ብልቃጥ ከቤት ይዛ መጥታ ፈሳሹን ማሽኑ ውስጥ የጨመረችው እሷው ናት። እህቷ ግን መስኮት መስኮቱን ታያለች።

ዶክተሩ ግራ ገብቶታል። የልጅቷ ሳንባ በአራት ወር ውስጥ እንዲህ መድከም አልነበረበትም። መድኃኒቱ ጨው የበዛበት ፈሳሽ ነው፣ ጉሮሮ ይፈጃል፣ ያስላል አለ። ሥራውን የሚሠራው ጨውነቱ ነው፤ ከሴሎቹ ውስጥ ውሃ በስስ ሽፋናቸው በኩል ስቦ ወደ አየር ቧንቧው ያወጣል፣ የደረቀው አክታም ረጥቦ ይላላል። ተራ ውሃ ቢሆን ሴሎቹ ራሳቸው ይጠጡታል፤ አክታው እንደ ሙጫ ተጣብቆ ይቀራል።

እናት ከብልቃጡ ጠብታ ጣቷ ላይ አድርጋ ቀመሰች። ውሃ ውሃ አላት።

«ውሃውን አፍልቼ ነው ያቀዘቀዝኩት፣ ንጹሕ ነው» አለች እህቷ፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ደረቴን አቃጠለኝ እያለች ስታለቅስ አንጀቴ አልችል አለ።»

እናት ልጇን አየቻት። ከሥራ ስትመለስ «ወሰድሽ ሚጡዬ?» ባለቻት ቁጥር፣ እቅፏ ውስጥ ሆና «አዎ» ትላት ነበር። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ለካ ሁለቱም ተማክረውበታል።

«ከሰው ሁሉ አንቺን ነው ያመንኩት» አለች እናት ለእህቷ፣ በዝግታ። እህቷ ሄዳ በሩ አጠገብ ቆመች።

ዶክተሩ ከራሱ መሳቢያ አዲስ ብልቃጥ አውጥቶ ከፈተ። ልጅቷ ገና አንዴ እንደሳበች፣ ሳሉ እስከ ሆዷ ድረስ አንፈራፈራት፤ ፊቷ ቀላ፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ዶክተሩ ጆሮውን ወደ ደረቷ አስጠግቶ አዳመጠና፣ አይዞሽ፣ መላላት ጀምሯል አላት።

እናት ሶፍት ይዛ ልጇ ፊት ተንበረከከች። ልጅቷ ዓይኗን እንደጨፈነች እጇን ዘረጋች። እጇ የእናቷን ትከሻ አልፎ፣ ወደ በሩ በኩል አየሩን ዳበሰ።

«አክስቴስ?»

እናት ሶፍቱን እንደያዘች ለእህቷ ፈቀቅ አለችላት።