ዝም የሚል ፋን

«ይኼኛውስ? ይሰማዎታል?» ሃይደር እንደገና ጮኸ።

አባቱ አብዱልናስር የልጃቸውን ከንፈር አንብበው፣ ባንኮኒው ላይ የሚሽከረከረውን ትንሽ ፋን አተኩረው አዩና «ምንም» አሉ። ፋኑ ዝም ስላለ አልነበረም። መስሚያቸው ከጆሯቸው ወጥቶ የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ነበር።

ሃይደር ዓይኑን ጨፈነ። ከጠዋት ጀምሮ መገናኛ ውስጥ ሲዞሩ ይኼ ሦስተኛው ሱቅ ነው። የሁሉም ፋን ካርቶን «ጸጥተኛ» ይላል። ሻጮቹም «ወላሂ ድምፁ አይሰማም» ይላሉ። አልዋሹም። በሩ ላይ ወያላዎች «አራብሳ! አራብሳ!» እያሉ፣ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ፣ እንኳን ፋን ወፍጮ ቢያስነሱ ማን ይሰማል?

ሃይደር የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። የደንበኞቹ ሠርግ ሁሉ የተቀመጠበት ሰርቨር፣ ሳጥን የሚያክል ኮምፒዩተር፣ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ ሳሎናቸው ጥግ ላይ፣ ከአባቱ አልጋ ሁለት ክንድ ርቆ፣ በማቀዝቀዣ ፋኖቹ ቀን ከሌት ይጮኻል። ሌላ ማስቀመጫ ቦታ የለም። አባቱ ከስድስት ዓመት በፊት ከደሴ ሲመጡ ጆሯቸው ደክሞ ስለነበር ማንም ስለ ጩኸቱ አንስቶ አያውቅም። ባለፈው ወር መስሚያው ሲገጠምላቸው ግን መጀመሪያ የሰሙት የልጃቸውን ድምፅ ሳይሆን ያንን ሳጥን ሆነ። በሦስተኛው ቀን መስሚያውን አወለቁት። ከዚያ ወዲህ እንዲያደርጉት ቢለመኑ አሻፈረኝ አሉ።

«ይኼ በጣም ተፈላጊ ነው» አለች ሻጯ ገንዘቤ፣ ሌላ ካርቶን እየከፈተች። «ድምፁ ሃያ ሁለት ዴሲቤል ብቻ።»

«ቅድም ያሳየሽኝም ሃያ ሁለት ነው የሚለው። ግን እንደ ንብ ነው የሚጮኸው!»

«እንግዲህ የተጻፈውን ነው የምነግርህ፣ ወንድሜ።»

ሃይደር ወደ አባቱ ዞሮ ኪሳቸውን፣ ከዚያም ጆሯቸውን በጣቱ አሳየ። «አባ፣ መስሚያውን ያድርጉት እንጂ! የመጣነው እኮ ለእርስዎ ጆሮ ነው!»

ሽማግሌው እየከበዳቸው አደረጉት። ያኔውኑ አንድ ሚኒባስ በሩ ላይ ጥሩምባውን ለቀቀው። ፊታቸውን አጨማደዱና እጃቸውን መልሰው ወደ ጆሯቸው ሰደዱ።

«አያውጡት!» ሃይደር ባንኮኒውን በመዳፉ መታው። «ወር ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ የከረምኩት ለማን ነው? ሥራዬን ጥዬ ከሱቅ ሱቅ የምዞረው ለማን ነው? ትንሽ እንኳን አይታገሱም?»

ገንዘቤ አንገቷን ደፍታ ካርቶኑን ማጠፍ ጀመረች።

«አትጩህ ልጄ» አሉ አብዱልናስር ቀስ ብለው። «እሰማሃለሁ።»

የሃይደር ፊት ጋለ።

አባቱ ወደ ሻጯ ዞሩ። «ንቀይልኝማ እስኪ፣ ልጄ።» ፋኑ ሲቆም አነሡትና በአንድ ጣታቸው ቀስ አድርገው አዞሩት። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋል፣ ሲበላሽም መንገድ ላይ ራሳቸው ፈትተው ጠግነዋል። «የዚህ ኩሽኔታው ይንገጫገጫል። ዛሬ ዝም ቢል ከወር በኋላ ያብዳል።» ሁለተኛውን ሞከሩ፣ ሦስተኛውን። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ወዳለው፣ ሳህን ወደሚያክለው ፋን ጠቆሙ። «እሱንስ?»

ገንዘቤ አውርዳ ሰካችው። ሽማግሌው ጠርዙን በጣታቸው ጫፍ ነክተው ጥቂት ቆዩ።

«ይኼ አይቸኩልም» አሉ። «ትልቅ ስለሆነ በዝግታ እየዞረም ብዙ ነፋስ ይገፋል። ትንሹ ግን ያንኑ ለመግፋት ይሮጣል። የሚሮጥ ነገር ደግሞ ይጮኻል።»

«አይገባም፣ አባ!» ሃይደር ጮኸ። «የሳጥኑ የፋን ቀዳዳ ትንሽ ነው!»

«ታዲያ ላሜራ አይደል? ዕቃውን አውጣና ባዶ ሳጥኑን ብየዳ ቤት ውሰደው። በሰፊው ይቁረጡልሃል።»

«እውነታቸውን ነው» አለች ገንዘቤ። «ጎኑን አስቆርጠው የሚያስገጥሙ ደንበኞች አሉኝ።»

ሃይደር ፋኑን አየው። ወር ሙሉ ቀዳዳው የሚቀበለውን ሲፈልግ፣ ቀዳዳውን ማስፋት አንድ ቀን እንኳን አልታሰበውም ነበር። ሁለት እንድትጠቀልልለት ነገራትና ወደ አባቱ ዞረ። «ይኼ ከተገጠመ መስሚያውን አያወልቁትም፣ አይደል?»

አብዱልናስር መስሚያውን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«እኔን ያስወለቀኝ ማሽኑ ብቻ አይደለም» አሉ። «ያለ መስሚያው ድምፅህ ከሩቅ ነበር የሚመጣልኝ፣ ከተራራ ማዶ እንደሚጣራ ሰው። ደስ ይለኝ ነበር። ሳደርገው ግን፣ 'ይብሉ' ስትለኝም ቁጣ፣ 'ይነሱ' ስትለኝም ቁጣ። ሚስትህም እንደዚያው። ምን አጠፋሁባቸው ብዬ ሦስት ቀን አሰብኩ።»

«ተቆጥተን አይደለም!»

ድምፁ ሱቁን ሞላው። ሃይደር ራሱን ሰማ። እንዲሰሙት ብሎ መጮህ ከጀመረ ስድስት ዓመቱ ነው። ሲጮህ ደግሞ ረጅም ወሬ አይመችም፤ ይብሉ፣ ይነሱ፣ ሐኪሙ መጣ፣ ይኼው ነው። አሁን ድምፁን ዝቅ ማድረግ ፈለገ፤ በዝግታ የሚነገር ምን እንዳለው ግን አላወቀም።

ፋኖቹን ይዘው ወጡና በሩ ላይ ቆሙ። አባቱ መንገዱን ያያሉ፣ እሱ ጎናቸው ነው።

«አባ» አለ፣ ከትንፋሽ ብዙም ከፍ ባላለ ድምፅ። «ደከመዎት?»

ለስድስት ዓመት ከንፈሩን ሳያዩ መልሰውለት አያውቁም። አሁን ዓይናቸውን ከሚያልፈው ሰው ላይ ሳያነሡ፣ «አይ፣ ደህና ነኝ» አሉት።