ቀዩን ማጥቆር

ባሏ ሊሞት ሲል «ጥቁር ለብሰሽ ቁራ እንዳትመስይ» ብሎ አስምሏት ነበርና ለተዝካሩ ቀይ ቀሚሷን ለበሰች። ታመው ከጎንደር መምጣት ያልቻሉት አማቷ ግን «የዕለቱን ፎቶ ላኪልኝ» አሏት። ጉዱን ካዩ ዳግም ደጃቸውን እንደማያስረግጧት ታውቃለች። ፎቶ አንሺው ዘንድ ሮጠች።

«አይጨነቁ፣ እትዬ። ካሜራው ያነሳው ጥሬው ፎቶ እኔ ጋ አለ። ጥቁርና ነጭ ሳደርገው ቀዩን ለብቻው አጨልመዋለሁ።»

ቀሚሱ ከሰል መሰለ። ላከችላቸው።

አማቷ ወዲያው ደወሉ። «አንቺ፣ በዚህ ዘመን ጥቁርና ነጭ ፎቶ? ቀይ ነው አይደል የለበስሽው?»

«ጥቁር እንዳልለብስ ልጅዎ አስምሎኝ ነው» አለች።

አማቷ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔንም አስምሎኛል። እህቶቼ ደግሞ ፎቶ ላኪ ብለው ይዘውኛል። ያ ፎቶ አንሺሽ ቢጫም ያጠቁራል?»