ተያቸው፣ ይብሉ

«እሽ! እናንተ ሌቦች!» አለች አማከለች፣ ሰፌዱን እንደያዘች እጇን አወናጭፋ። ድንቢጦቹ ከድንጋይ ካቡ ላይ ወርደው ለበልግ ዘር የለየችውን ገብስ መሬት ላይ ከተነጠፈው ጅባ ላይ ይለቅማሉ። ድንቢጥ መቼም ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ ብርር ብላ ትሄድና ዞር ሲሉላት ተመልሳ ቁጭ ናት።

«ተያቸው፣ ይብሉ» አለ ባሏ ኃይለመስቀል።

አማከለች ቀና ብላ አየችው። ጎሕ ሲቀድ ጓሮ ድረስ ተከትሏት መጥቶ፣ ጋቢውን እስካፍንጫው ተከናንቦ ተቀምጧል። ይኼ ሰውዬ ለወፍ ግርድ እንኳ ሲበተን የሚቆጣ ሰው ነው። ከልጅህና ከዘርህ የቱ ይበልጥብሃል ቢሉት ያስባል እየተባለ አገሩ ሁሉ ይስቅበታል።

«ዘር እኮ ነው! ምን ነካህ አንተ?»

«ይብሉ አልኩሽ።»

«ምንተስኖቴ መጥቶ ምኑን ሊዘራ ነው? የባድመው ጦርነት እንደሁ አብቅቷል። የጎረቤታችን የየትምወርቅ ልጅ ከግንባር ገባ፤ የእኔም ልጅ ዛሬ ነገ ሲል ከች ይላል።»

ኃይለመስቀል ትናንት ከሞላሌ ገበያ ሲመለስ ራሴን አሞኛል ብሎ እህል ሳይቀምስ ነው የተኛው። አሁንም ዓይኑን ከወፎቹ ላይ አላነሳም።

ድንገት ድንቢጦቹ ባንድ ጊዜ ብርር ብለው ተነሱ። እሷ እሽ አላለችም፤ እሱም አልተነቃነቀም።

«ሸለምጥማጥ ነው!» አለች፣ ድንጋይ አንስታ። «ዶሮዎቼን ሊፈጅልኝ!»

ከካቡ ወዲያ አንድ ሰው አፍኖ ሳለ። ሳሉን አወቀችው፤ የነፍስ አባቷ የአባ መርስዔ ኃዘን ነው። እሳቸው ደግሞ ገና ከሩቁ «ቤቶች!» ሳይሉ የሰው ደጅ ረግጠው አያውቁም። ካቡን ተከትሎ ብዙ እግር በቀስታ ሲንቀሳቀስ ሰማች። አገር በማለዳ ሰው ደጅ ተሰብስቦ ድምፁን የሚያጠፋው ለመርዶ ነው። አማከለች ይኼን አላጣችውም፤ እሷም ለስንቷ እናት እንዲህ ቆማለች።

ድንጋዩ ከእጇ ወደቀ። ኃይለመስቀል ፊቱን በጋቢው ሸፍኗል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ይኼን ይዘህ ነው ያደርከው?» አለችው። «ብቻህን?»

ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታ ወደ ካቡ ዞረች።

«አባ፣ ይግቡ» አለች። «ሰዎቹንም ይዘዋቸው ይግቡ። ውጭ ብርድ ነው።»